ስማቸው የጠፋባቸው ጽጌረዳዎች እንዴት ይታወቃሉ?

ጽጌረዳ ከዘር ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ የተለየ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዝርያ መልኩንና መዓዛውን እንደያዘ ሊቆይ የሚችለው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ወይም ቀንበጡ በሌላ ግንድ ላይ ተሰክቶ ሲያድግ ነው። ይህም በመሆኑ የመጨረሻው ቁጥቋጦ የተነቀለ ዕለት ዝርያው ጨርሶ ይጠፋል።

የአሜሪካ የጽጌረዳ ማኅበር በ1966 ዓ.ም. በሰጠው ፍች መሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የጥንት» የሚባሉት ከ1867 በፊት ከነበሩት ወገኖች የሚመደቡት ናቸው። 1867 በፈረንሳይ አገር «ላ ፍራንስ» የተባለችው ጽጌረዳ የወጣችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ አዳዲሶቹ ገበያውን ስለያዙት፣ ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ በመቃብር ቦታዎችና በተተዉ ቤቶች ዙሪያ ብቻ ቀሩ፤ ስማቸውም ተረሳ። እነዚህን ለመለየት የሚከተሉት ደረጃዎች ያገለግላሉ።

1ኛ/ ቦታውን ማጥናት። የቤቱ ዕድሜና የአካባቢው ሽማግሌዎች ቃል ይመዘገባል። ይሁን እንጂ በመቃብር ድንጋይ ላይ የተጻፈው ዓመት የአበባው ዕድሜ ማስረጃ አይደለም፤ አበባው ከብዙ ዓመት በኋላ ተተክሎ ሊሆን ይችላልና።

2ኛ/ ጊዜያዊ ስም መስጠት። በቤርሙዳ ደሴት ስማቸው ያልታወቀ ጽጌረዳዎች በተገኙበት ቦታ ይጠራሉ፤ «ስሚዝስ ፓሪሽ» የተባለው አንዱ ነው። በግምት እውነተኛ ስም መስጠት ግን ስሕተትን ከአትክልት ቦታ ወደ አትክልት ቦታ ማዛመት ነው።

3ኛ/ አካሉን መመርመር። የአበባው ቀለም በአፈርና በአየር ጠባይ ስለሚለዋወጥ ብቻውን አይበቃም። የእሾሁን ቅርጽና ብዛት፣ የቅጠሉን ጠርዝ፣ እምቡጡን የሚሸፍኑትን አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች፣ መዓዛውንና ፍሬውን ማየት ያስፈልጋል። የአበባው ወራትም ትልቅ ምልክት ነው። የቀድሞዎቹ የአውሮፓ ወገኖች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብባሉ። ደጋግሞ የማበብ ጠባይ በይበልጥ የተስፋፋው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አውሮፓ ከገቡት የቻይና ጽጌረዳዎች ነው።

4ኛ/ ማመሳከር። ሬዱቴ ከ1817 እስከ 1824 ያሳተማቸው ሥዕሎችና የጥንት የችግኝ ነጋዴዎች ዝርዝሮች ይጠቅማሉ። ነገር ግን «ሐምራዊ፣ ድርብ፣ መዓዛማ» የሚል አጭር መግለጫ ለመቶ ዝርያዎች ሊስማማ ይችላል። ስለዚህ ከሕያው ተክል ጋር ማስተያየት ይበልጣል። በ1903 የተመሠረተው የጀርመኑ ዛንገርሀውዘን የጽጌረዳ አትክልት ከ8,000 በላይ ዓይነቶች ይዟል። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራም ቢሆን የሚረዳው ስሙ በትክክል የታወቀ ተክል ለንጽጽር ሲገኝ ነው።

ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በቴክሳስ በመንገድ ዳር የተገኘና «ኬቲ ሮድ ፒንክ» የተባለ ጽጌረዳ ኋላ ሲመረመር፣ ግሪፊዝ በክ በአይዋ አዳቅለው ያወጡት የ1977ቱ «ኬርፍሪ ቢዩቲ» ሆኖ ተገኘ። ተክሉ መልካም ነው፤ ጥንታዊ ግን አልነበረም።

ለተማሪዎች መለማመጃ የሚሆን ጽጌረዳ በደጋው አገራችን አለ፤ እርሱም ቀጋ ነው። ከአበባው መካከል ያሉት የሴቴ ክፍል ዘንጎች እንደ አንድ ዓምድ ተጣምረው ይታያሉ። ይህ ምልክት ቀጋን «የምስክ ጽጌረዳ» ከሚባለው ወገን ጋር ያዛምደዋል። ተማሪው በግቢው ካለው የተዳቀለ ጽጌረዳ ጋር አስተያይቶ ያየውን ይሣል፤ ስም የሚሰጠው ግን ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ይሁን።