ከግድግዳው አውርዳችሁ ሞክሩት

ሃሪ ተፍት ከፊላዴልፊያ ወደ ኮሎራዶ የመጣው ሱቅ ልክፈት ብሎ አልነበረም። የሳበው የሮኪ ተራሮች በረዶና ሸርተቴው ነው። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ኢዚ ያንግ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ «ፎክሎር ሴንተር» የተሰኘ ሱቅ ነበረው፤ የባህል ዘፈን ወዳጆች ሁሉ የሚሰባሰቡበት፣ ወጣቱ ቦብ ዲለንም የማይጠፋበት ቤት። ተፍት ያንን አርአያ አድርጎ በ1962 በማርች ወር ዴንቨር ውስጥ፣ ምሥራቅ 17ኛው ጎዳና ላይ፣ የዴንቨር ፎክሎር ሴንተርን ከፈተ።

ስሙን ብቻ የሰማ ቤተ መዘክር ሊመስለው ይችላል። ሱቅ ነው። ጊታር፣ ባንጆና ማንዶሊን፣ አዲሱም ያገለገለውም ዕድሜ የጠገበውም፣ ይሸጥበታል፤ መጽሐፍና ሸክላም አለ። ትምህርት ይሰጥበት፣ ሲቆይም ኮንሰርት ይቀርብበት ነበር። ተፍትን ለወግ ያበቃው ግን ንግዱ ሳይሆን እንግዳ አቀባበሉ ነው። የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ጎረምሳ ገብቶ ሲያዳምጥና ሲነካካ ቢውል ማንም ውጣ አይለውም።

ከነዚያ ጎረምሶች አንዱ ኦቲስ ቴይለር ነው። በ1948 ቺካጎ ተወልዶ ዴንቨር ያደገው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ የመጀመሪያ መሣሪያውን፣ አንድ ባንጆ፣ የገዛው ከዚሁ ቤት ነው። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እየነዳ፣ ባንጆውን እየመታ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። (የዴንቨር ሾፌሮች ምን ብለው ይሆን?) የገጠሩን ብሉዝም መጀመሪያ የሰማው እዚያው ነው። ዓመታት አልፈው፣ ስመ ጥር የብሉዝ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በ2008 ሌሎች ጥቁር ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ለባንጆ ብቻ የተሰጠ አልበም አወጣ። ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ሰው የነጭ ገበሬ መሣሪያ የሚያደርገው ባንጆ ሥሩ አፍሪካዊ ነው። በባርነት ተግዘው የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ እየሠሩ በአዲሱ ዓለም ያቆዩት መሣሪያ ነው። በቆዳ በተወጠረ ገላ ላይ ክር ማስጮኽ ለማሲንቆ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የተፍት ቤት ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ብርቅ መሣሪያ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ይከፍለዋል፤ ቆልፎ ማኖር ወይስ ለተጫዋች ማውረድ? ስስቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ማርቲን የተባለው የጊታር ኩባንያ ከ1933 እስከ 1942 የሠራቸው ዲ-45 ጊታሮች 91 ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቢሰበር ምትክ የለውም። ያም ሆኖ ገርትሩድ ክላርክ ዊትል የተባሉ ባለጸጋ ሴት በ1930ዎቹ አጋማሽ ስመ ጥሩው ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራቸውን አምስት መሣሪያዎቻቸውን ለዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲሰጡ ለዕይታ ብቻ እንዲቀመጡ አልፈለጉም። የቡዳፔስት ኳርቴት የተባለው የአራት ተጫዋቾች ቡድን ከ1940 እስከ 1962 እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ተጫወተባቸው። የዊትል ውሳኔ ትክክል ነበር። መነካት የሚያመጣው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከጥንቃቄ ጉድለት የሚመጣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወግ አለው። እጅ ይታጠባል፣ የጃኬት ዚፕና የቀበቶ ዘለበት ከጀርባው ይርቃል፣ ክር ከማክረር በፊት ባለቤቱ ይጠየቃል።

በዴንቨርና በጎረቤቷ ኦሮራ ከሰው እጅ ይልቅ የሚያሠጋው አየሩ ነው። ከፍታው አይደለም ጥፋተኛው፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጥፋተኛው ድርቀቱ ነው። ጊታር ሠሪዎች የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ እንዲሆን ይመክራሉ። በዚህ አገር በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ ግን ከ20 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። እንጨቱ ውኃውን ሲያጣ ይኮማተራል፤ የጊታሩ ፊት ይጎደጉዳል፣ በጣቶች መርገጫው ዳር የብረቶቹ ጫፍ ይወጣና ጣት ይቧጥጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእርጥበት መለኪያና ሣጥን ውስጥ የሚገባ እርጥበት ሰጪ እዚህ እንደ ቅንጦት አይታይም።

ይህ የድርቀት ጣጣ እዚህ ለሚኖረው ሐበሻ ቤት ባዳ አይደለም። ዴንቨር ከአክሱም፣ ኦሮራ ከአዳማ ጋር እህትማማች ከተሞች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ክራር ሳሎን ተሰቅሎ ማየትም የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ከማሞቂያው በላይ! ያ ክራር እንጨቱ ሲጠብ ቆዳው ይወጠራል፣ ቅኝቱም አይጸናም። በገናማ ይብሳል። አሥሩ አውታሮቹ ከአንጀት የተሠሩ ከሆኑ ድርቀትን ፈጥነው ይሰማሉ፤ ያንን ጥልቅ ንዝረት የሚሰጡት፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ ደግሞ በጥቂቱ እንኳ ቦታ ቢስቱ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ የሚደረድረው ብቻ ነው። የበገና ሊቁ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገናን ሲያስተምሩ ተማሪው በእጁ ይዞ እንዲማር እንጂ በዓይኑ እንዲያደንቅ አልነበረም።

ወደ ተፍት ቤት ስንመለስ፣ በ1979 ከፎክሎር ሴንተር ዙሪያ ለትርፍ ያልቆመው የስዋሎው ሂል የሙዚቃ ማኅበር ተወለደ፤ ሱቁም ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ1993 በሳውዝ ፐርል መንገድ ላይ እንደገና ተከፈተ። ተፍት በ2016 ለአዳዲስ ባለቤቶች አስተላልፎታል።

እንግዲህ በኦሮራ ግድግዳችሁ ላይ ክራር ወይም በገና ያላችሁ፣ መጀመሪያ ከማሞቂያው አርቁት። ቀጥሎ የተበጠሰውን ክር አስቀይሩና መማር ለሚፈልግ የጎረቤት ልጅ ስጡት። እናንተው ፊት ይሞክረው።