እውነት ወይስ ተረት? «የዓለም ጤና የሀብታሞች ምጽዋት ነው»

ዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ነጭ ላንድክሩዘር፣ የሆቴል ስብሰባና የዕርዳታ ካርቶን ነው። ሦስቱም አሉ፤ አበልም አለ። ዋናው ሥራ ግን ከዚህ ይርቃል። በወሬ ደረጃ ከሚነገሩት ውስጥ ጥቂቶቹን እንያቸው።

«ፈንጣጣ የጠፋው ሰው ሁሉ ስለተከተበ ነው።»

ተረት ነው። በኢትዮጵያ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖር ነበር። በዚያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሁሉንም ቤት ለቤት ዞሮ መክተብ የማይታሰብ ስለነበር ሠራተኞቹ በሽተኛውን ፈልገው ያገኛሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና የመንደሩን ሰው ይከትባሉ። ቫይረሱ የሚሸጋገርበት ሰው ሲያጣ እዚያው ያልቅለታል።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ፍለጋው ነበር። ሠራተኛው ሰውነቱን ፈንጣጣ የወረሰው ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ «እንዲህ ያለ በሽታ ያየ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አዋቂው ቢደብቅ እንኳ ተማሪው ይናገራል። በጎጃምና በበጌምድር ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡ የአገር ባለሙያዎች ስለነበሩ ገበሬው እነሱን ትቶ እንግዳውን ለማመን ምክንያት አልነበረውም። የእነሱ ክትባት ለተከተበው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ይሰጠዋል፤ ችግሩ ያው ሰው በሽታውን ለሌላው ማስተላለፉ ነው። ዛሬም ክትባት የሚጠራጠርን ሁሉ «ያልገባው» እያለ የሚያልፍ ባለሙያ ስላለ ይህን ታሪክ ቢሰማው ደግ ነው፤ የጎጃሙ ገበሬ ዘመቻው ከመምጣቱ በፊትም ስለ ክትባት ያውቅ ነበር።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 በሶማሊያዋ መርካ ከተማ በሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ሆነ። ዳነና ኋላ ላይ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ወላጆችን እያግባባ ሠርቷል።

«ገንዘቡን የሚሰጡት አዝነው ነው።»

ግማሽ እውነት ነው። ፈንጣጣ ይጥፋ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ጤና ጉባኤ ያቀረበችው ሶቪየት ኅብረት ናት፤ ብዙ ክትባትም ሰጥታለች። አሜሪካ ገንዘብና ባለሙያ አዋጣች። በሌላው ጉዳይ ሁሉ ዓይንና ናጫ የነበሩ መንግሥታት እዚህ ላይ የተባበሩት የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል ያንተም እንደሚያሰጋ ስለገባቸው ነው። በሽታው አንድ ቦታ እስካለ ድረስ ሀብታሙም አገር ዜጎቹን መከተቡን፣ በየኬላው የክትባት ወረቀት መጠየቁን አይተውም፤ ወጪው ማለቂያ አልነበረውም።

«እውቀት ከሰሜን ይመጣል፣ ደቡብ ይቀበላል።»

ይህስ ያናድዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የብልሃርዚያ ጥናት ሲያደርጉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ብልሃርዚያ ወደ ሰው የሚደርሰው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው፤ እንዶዱ እየገደላቸው ነበር። የውጭ ተቋማት የአፍሪካ ቤተ ሙከራ ውጤትን ለመቀበል ለዓመታት አንገራገሩ። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በ1989 ነው፤ 25 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

«የዓለም ጤና ድርጅት መንግሥታትን ያዛል።»

ተረት ነው። ድርጅቱ ፖሊስ የለውም፤ መንግሥት ካልፈቀደለት አገር ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነትም ድርጅቱ እንቅስቃሴ እንዲዘጋ ወይም ሰው እንዲከተብ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ይደነግጋል። እንዲያውም የሚያሳስበው አቅመ ቢስነቱ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ለዓለም ሲያሳውቁ፣ ሀብታሞቹ አገሮች በቀናት ውስጥ ለደቡባዊ አፍሪካ በረራ በር ዘጉ። ድርጅቱ አትዝጉ አለ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። እውነቱን ፈጥኖ መናገር እንዲህ የሚያስቀጣ ከሆነ ቀጣዩ አገር ለምን ይናገራል?

የ2025ቱ ስምምነት ሲጸድቅም ከባዱ ጥያቄ ለሌላ ድርድር ተትቷል፦ የጀርሙን ናሙና ቶሎ ያካፈለ አገር፣ በናሙናው ከተሠራው ክትባትና መድኃኒት ምን ያህል ይደርሰዋል? የአፍሪካ ተደራዳሪዎች እዚህ ላይ አጥብቀው ቢይዙ አይፈረድባቸውም።