መጠየቅ የሚያጸናው ትምህርት፦ የአንጎል ጥናት ከዋድላ ሲታይ

የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮን ከጋሸና ወደ ወገል ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የወረዳውን ስም በሊቃውንት ዘንድ ያስጠራው ግን መንገዱም ገበያውም አይደለም፤ ቅኔ ነው። ጎንጅና ዋሸራ በሚነሱበት ሁሉ ዋድላም የቅኔ ቤት ሆኖ ይነሳል። በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ተማሪ ጎን ለጎን ይኖራል። አንዱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ይቆጥራል። ሌላው ደብተሩን ይዞ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጃል። የአንጎልና የአእምሮ ተመራማሪዎች ስለ መማር የደረሱበት ነገር ለሁለቱም የሚጠቅም ነው። የሚገርመው ግን ከግኝቶቹ ብዙዎቹ የሚደግፉት የባለ አኩፋዳውን ልማድ መሆኑ ነው።

የዘመናዊው ጥናት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአንድ በሽተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ የሚጥል በሽታውን ለማዳን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሙ ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከግራም ከቀኝም አብዛኛውን አወጣው። በሽታው ቀለል አለ፤ ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሰው፣ የሰማውን ወሬ ይዞ መቆየት ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል አደረገችው። በየቀኑ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን በየቀኑ “ይህን ሠርቼ አላውቅም” ባይ ነበር። እውቀትን መያዝና ሙያን በእጅ ማስገባት በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው የታወቀው እንዲህ ነው። የዝማሜና የጸናጽል አያያዝ በቃል ማብራሪያ የማይገባው፣ አብሮ በመቆምና በመደጋገም የሚለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ግኝት የጠባቧ መግቢያ ነገር ነው። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ነገር ከ7 ብዙ እንደማይርቅ ጻፈ፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ 4 አወረዱት። አላን ባደሊና ግራሃም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ይህችን ጊዜያዊ ማቆያ “የሥራ ትውስታ” ብለው አብራሯት። ከዚህ ገደብ የሚያመልጠው፣ ብዙ ትንንሽ ነገሮችን አስሮ እንደ አንድ የሚቆጥር ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የንባብ ቤት አካሄድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ልጁ ገጹን በቁጥር ንባብ ይጀምራል፤ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይጠራል። ከዚያ በግእዝና በውርድ ንባብ ፊደሎቹ ወደ ቃል እየተያያዙ በዜማ ይነበባሉ። መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሳይቆራርጥ፣ የመናገር ያህል ያነባል። አንዱ ደረጃ ሳይጠና ወደ ሌላው አይታለፍም። የንባብ ቤቱ መሪጌታ ስለ ሥራ ትውስታ የሰሙት ነገር ባይኖርም፣ ልጁ ፊደል ፍለጋ ላይ እያለ ምስጢር ሊገባው እንደማይችል ያውቃሉ።

ፊደል ላይ ያለው ብልሃት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደል ያወቀ ይመስላል፤ ጣቱ ግን አንድ ቦታ ቆሞ አፉ ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ስለተበጠበጠ ዜማው አያድንም፤ ዐይን ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። ተመራማሪዎች ዛሬ ትምህርትን ማቀላቀል የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙም አይለይም። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ደሃን ባጠናው መሠረት፣ ማንበብ የተማረ ሰው በግራ የአንጎሉ ክፍል፣ ቀድሞ ፊትንና ዕቃን ይለይ የነበረ አካባቢ ለፊደል ይመደባል፤ በላቲንም በቻይና ጽሕፈትም ቦታው ያው ነው። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 መልክ ስለሚሆን ግን አንጎሉን ለማስለመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሶናሊ ናግ በሕንድ የካነዳ (Kannada) ቋንቋ ተማሪዎች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ በአናባቢው መልኩን እየለወጠ የሚጻፍ ፊደል ለመልመድ ከላቲን ይልቅ ብዙ ዓመታት የሚጠይቅ መሆኑን አሳይታለች።

ይህ ጊዜ በመደበኛው ትምህርት ቤት ሲነፈግ ውጤቱ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ፊደሉን ከድምፅ ጋር ቀስ በቀስ በሚያስተዋውቅ መንገድ እንደገና ተዘጋጅተዋል።

ለክፍል ውስጥ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን ስለ ፈተና ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ከትውስታ ፈልጎ ማውጣት ራሱ ትውስታን ያጸናል ማለት ነው። ሮበርት ብዮርክ በዚህ መስክ የሚታወቅበት ሐሳብም፣ ሲማሩት የሚከብድ ነገር ብዙ ጊዜ የተሻለ ይቆያል የሚል ነው።

ቅኔ ቤት ከጥግ እስከ ጥግ በዚህ የተሠራ ነው። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ ከዚያ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው፣ ልጁ እፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ቤቱ የጎደለውን፣ አገባቡ የተበላሸውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያቀናለታል። ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገም አያስመሰግንም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረ፣ በዘአምላኪየና በሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ፣ ያለፈው ሁሉ በአዲሱ ውስጥ ይጠየቃል። የበረታው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ ማስተማር ለአስተማሪው ራሱ እንደሚያተርፍለት ደግሞ ብዙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

በመደበኛው ትምህርት ቤትስ? የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አምጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ፖል ብላክና ዲለን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1998 ከለንደን ያወጡት ሰፊ ዳሰሳም በትምህርቱ መሐል የሚደረግ ምዘና ደካማ ተማሪዎችን በተለይ እንደሚያነሣ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ በብዙ ክፍሎች ተከታታይ ምዘና ማለት ከ10 የሚታረሙ ትንንሽ ፈተናዎችን ደምሮ መቶ መሙላት ሆኖ ቀርቷል። ተማሪው ውጤቱን እንጂ የት ጋ እንደሳተ አያውቅም። ስድሳና ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል የያዘ መምህር በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ፈተናው ጨርሶ መለኪያ ብቻ ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች እንዲፈተኑ ሲደረግ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቁጥሩ አገር አስደነገጠ። አንድ ነገር ግን ብዙ አልተወራም፦ የፈተናው የምርጫ ጥያቄ መልስን አይቶ መለየትን እንጂ ከራስ አፍልቆ ማውጣትን አይጠይቅም። እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ምርጫ ብቻ እየሠራ ያደገ ልጅ፣ ዕውቀቱን የሚያጸናውን ድካም ሳይቀምስ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መሐል “አንጎል እንዲህ ይላል” የሚል ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት ከመምህራኑ ከ90 በመቶ በላይ ተማሪ በሚመርጠው መንገድ፣ በማየት ወይም በመስማት፣ ሲማር የተሻለ ይማራል ብለው ያምኑ ነበር፤ እምነቱ ግን ማስረጃ የለውም። ጆን ብሩየር ገና እ.ኤ.አ. በ1997 ከነርቭ ሴል በቀጥታ ወደ መማሪያ ክፍል መዝለል እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። እስከ ዛሬም ለመምህር የሚጠቅመው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአንጎል ፎቶግራፍ ሳይሆን ከሥነ ልቦና ሙከራ ነው።

ቅኔ ቤቱንም ማሞገስ ልክ አለው። ዓመታት ይወስዳል፤ ሴት ተማሪ እምብዛም አይታይበትም፤ አለንጋው የታወቀ ነው፤ ያልዘለቁት ስንት እንደሆኑም ማንም አልቆጠረም።

ከዘዴው በፊት ደግሞ የአካሉ ጉዳይ አለ። ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 የተማሩትን ይዞ የተኛ ነቅቶ ከዋለው ያነሰ እንደሚረሳ አሳይተዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ምሽት ላይ የሚሰጠው የቃል ትምህርት ለዚህ ይመቻል። እንቅልፍ ግን ምግብን አይተካም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው፤ ይህ ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው አንጎል ፈጥኖ በሚያድግባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። የሰሜን ወሎ ልጆች በዚህ ላይ የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ሌላ ግጭት ደርሶባቸዋል። የቆየ ስጋት የሚያመነጨው ኮርቲሶል ሂፖካምፐስንም፣ ትኩረትን የሚመራውን የግንባር አንጎልም ይጎዳል።

ትምህርት ለተቋረጠባቸው ልጆች ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሞከረው የተፋጠነ ትምህርት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ትምህርት በ10 ወር ይሰጣል። ክፍሉ አነስተኛ ነው፤ ልጆቹ በቡድን ሆነው ይጠያየቃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በጭቃ ፊደል ይሠራሉ፤ ሲጨርሱም ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይገባሉ። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ልጆቹን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ በትምህርታቸው መግፋታቸውን ዘግቧል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በሚከፈትበት ወረዳ፣ ልጁን በዕድሜው ክፍል ከመመደብ በፊት የሚያነበውን አንድ ገጽ አስነብቦ፣ ከቆመበት መጀመር የሚቻለው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።