ዘይቱ መቼ ገባ?

ሰፈራችን መታጠፊያው ላይ ማታ ማታ ችብስ የሚጠብሱ እናት አሉ። ድንቹን ሲከትፉ ለመልኩ አይጨነቁም፤ አንዱ አውራ ጣት ያክላል፣ ሌላው የክብሪት እንጨት። በላስቲክ አድርገው አዋዜ ጣል አድርገውበት ሲሰጡኝ ቀጭኑ ጥርስ ላይ ኩርሽም ይላል፤ ወፍራሙ ውስጡ እንደ ቅቅል የለሰለሰ ነው። ድንቹም ዘይቱም እሳቱም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓይነት ምግብ የሠራው ቢላዋው ነው።

ጎኖቹ 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ አንድ ረጅም ቁራጭ በቁመቱ ለአራት እኩል ቢሰነጠቅ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር አራት ቁራጮች ይወጡታል። ድንቹ አልጨመረም፤ ዘይት የሚነካው ገጽ ግን እጥፍ ሆነ። ድንች ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም፣ ውሃ ያልጨረሰው የቁራጩ ሆድ ከውሃ መፍያ ሙቀት አያልፍም፤ ያም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ተንኖ ያለቀበት ገጽ ብቻ ግሎ ይደርቃል፣ ይቀላል። እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠው ቺፕስ ሆድ የሚባል ነገር ስለሌለው ሁለንተናው ቅርፊት ይሆናል።

ቤልጂጎች ወፍራሙን ይወዳሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። መጀመሪያ 150 ዲግሪ አካባቢ ሆዱን ያበስሉታል፣ አውጥተው ያሳርፉታል፣ ከዚያ 180 አካባቢ ገጹን ያደርቁታል። በክብሪት እንጨት ላይ ይህን መሞከር ድካም ነው። ባለ ሞገዱ አቆራረጥ ገጹን ትንሽ ቢያሰፋም፣ ዋናው ጥቅሙ ድልህ መያዙ ይመስለኛል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ድንች ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ገና ሳይበስል ይጠቁራል። ሲጠቁርም የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በተጠበሱ ምግቦች ውስጥ መኖሩን ያሳወቁት አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ውህድ ይበዛበታል።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። የታሸገ ቺፕስ የክብደቱ ሲሶ ያህል ስብ ነው፤ ወፍራም ችብስ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይይዛል። ብዙዎቻችን ዘይቱ የሚገባው ድስቱ ውስጥ ሲንቸቀቸቅ ይመስለናል። ያ አረፋ ግን ከድንቹ የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ እየገፋ ሲወጣ ዘይቱን በር ላይ ያቆመዋል። ችብሱ ወጥቶ መቀዝቀዝ ሲጀምር ውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ቦታው ክፍት ይሆናል፣ ገጹ ላይ የተጣበቀው ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። አብዛኛው ዘይት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ችብስ መራገፍ ያለበት ትኩስ እንዳለ፣ ወዲያው ነው።

እኚያ እናት ባለ ቀዳዳውን ጭልፋ ከዘይቱ እንዳወጡ የብረት ድስቱን ጠርዝ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉበታል። ዘይት ለመቆጠብ ይመስለኝ ነበር። ለዚያም ይሆናል።