ልጁ ገና አፉን አልፈታም፤ ግን እያወራችሁ ነው

ቀጨኔ ውስጥ ብዙ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች የሚሠሩት እዛው ቤታቸው ነው። እናት ጭቃ ስታቦካ ድክ ድክ የሚለው ልጅ አጠገቧ ነው፤ ቀሚሷን ይጎትታል፣ "ኡ! ኡ!" እያለ በጣቱ አንድ ነገር ያሳያታል። ሥራው ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ ዩቲዩብ ተከፍቶ ስልኩ ይሰጠዋል፣ ጸጥ ይላል። ማንም ላይ አንፈርድም፤ ችግሩ ይገባናል።

ግን ስልክ መልስ አይሰጥም። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ከሚናገረው በላይ ይገባዋል። በጣቱ ሲያሳያችሁ እየጠየቀ ነው። "አዎ፣ ጀበና ነው፤ ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል" ስትሉት ቃሉንም ያገኛል፣ እንደተሰማም ያውቃል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው የታወቀ ሙከራ አለ። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ በድንገት ፊቷን ድርቅ አድርጋ ዝም ትላለች። ሕፃኑ በፈገግታ፣ በእጁ፣ በድምፁ ሊመልሳት ይሞክራል፤ ሲያቅተው ያለቅሳል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ወላጅ ፊትም በኛ እይታ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው።

ታዲያ ሥራ ይቁም? አይቁም። እጃችሁ ጭቃ ውስጥ ቢሆንም አፋችሁ ነጻ ነው። የምትሠሩትን እየነገራችሁት ሥሩ። ትንሽ ጭቃ ስጡት። ጥያቄ ጠይቃችሁት ትንሽ ጠብቁ፣ በራሱ ቋንቋ ይመልሳል። ኩኩሉ እና "ወፌ ቆመች" እኮ ይሄው ናቸው፤ አያቶቻችን ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር።

መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ "ቅብጠት ነው" እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚናገርበት ቃል አጥቶ ነው። ጎንበስ ብላችሁ "ውጪ መውጣት ፈልገህ ነው? ተናደድክ?" በሉት። የጠየቀውን ሁሉ ስጡት ማለታችን አይደለም። "ከእንጦጦ ጅብ ይመጣልሃል" ማለት ዝም ያሰኘዋል፤ ግን ያስፈራዋል እንጂ ቃል አያስተምረውም።

2 ዓመት ሞልቶት "እማዬ ነይ" ዓይነት ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" እያላችሁ አትጠብቁ። ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ጆሮው ይታይለት።