የበሩን ካሜራ ከመቀየራችን በፊት

እናቴ ቀን ቀን ከልጆቼ ጋር ብቻዋን ትውላለች። በር ሲንኳኳ ከመክፈቷ በፊት ስልኳ ላይ የካሜራውን ምስል ታያለች። ችግሩ ካሜራው አሮጌ ነው፤ ሰው መቆሙን ያሳያል፣ ማን መሆኑን ግን አይለይም። «ሰው መሆኑንማ አየሁ፣ የማን ልጅ ነው?» ትለኛለች። የጠየቅነው ባለሙያ ሁሉ «አዲስ ግዙ» አለን። እኔ ግን ያለውን መፈተሽ መረጥኩ።

ትልቁ ጉዳይ ርቀት ነው። ካሜራችን በአግድም 1280 ነጥብ (ፒክስል) አለው። ጣሪያ ጠርዝ ላይ ተሰቅሎ 12 ሜትር ስፋት ሲያይ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 107 ያህል ነጥብ ነው፤ ለሰው ፊት ደግሞ 16 ብቻ። በ16 ነጥብ ማንም ሰው አይለይም። ከበሩ ሦስት ሜትር ያህል ወደሚርቀው የአጥር ምሰሶ አውርደን እይታውን ወደ 4 ሜትር ስናጠበው ለፊት የሚደርሰው 48 ሆነ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ማዛወሩ አላስቸገረም። ሰማዩ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባም ወደ ታች አዘነበልነው፤ ከኋላ ብርሃን ሲበዛ ፊት ይጠቁራልና።

ቀጥሎ ስልኩን አየሁ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ዋናና አነስተኛ የሚባሉ ሁለት ምስሎችን ይልካሉ። የስልኩ መተግበሪያ ኢንተርኔት ለመቆጠብ አነስተኛውን ይከፍት ነበር! ወደ ዋናው መቀየር አንድ ንክኪ ነው።

የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ በሰከንድ 25 የነበረውን የምስል ብዛት ወደ 12 አወረድኩ፣ ቢትሬቱን ከፍ አደረግሁ። በር ላይ ለሚቆም ሰው 12 ይበቃል፤ እያንዳንዱ ምስልም ብዙ መረጃ ይይዛል። እግረ መንገዴን ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀየርኩ።

ሌሊት ሌላ ነገር ነው። መስታወቱ ላይ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ካለ የካሜራው ኢንፍራሬድ ብርሃን እሱ ላይ አንጸባርቆ ምስሉን ያጨጉለዋል። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ደረቅ ጨርቅ ፕላስቲኩን ይጭረዋል። ካሜራው በጨለማ ብርሃን ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ከከፈተ ደግሞ የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ1/50 ሰከንድ እንዳይዘገይ ወሰንኩት፤ ለጎደለው ብርሃን በእንግዳው ፊት ላይ የሚያበራ አምፖል በሩ ላይ አስገባን። ከእንግዳው ጀርባ የሚበራ አምፖል ግን አይጠቅምም።

የሚያልፍ መኪና ታርጋ ሌሊት ማንበብ አሁንም አይችልም።