የንድፍ ጉዞ፦ ቦታን በእርሳስ መመስከር

ጥቂት ሰዎች ታጣፊ ወንበርና ደብተር ይዘው ከማሳው ዳር ሲቀመጡ ያየ አርሶ አደር «መሬት ሊለኩ የመጡ ይሆኑ?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። አሻግረው ያያሉ፤ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ከዚያም ወደ ደብተራቸው ያቀረቅራሉ። በእጃቸው ያለው ግን ሜትር ሳይሆን እርሳስ ነው፤ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረውም የመሬቱ ስፋት ሳይሆን መልኩ ነው። ይህ ሠዓሊያን በቡድን ሆነው ከቤት ውጭ የሚያካሂዱት የንድፍ ጉዞ ነው።

ንድፍ በጥቂት መስመርና በአጭር ጊዜ የሚሠራ ሥዕል ነው። የንድፍ ጉዞን ከሌላው የሥዕል ሥራ የሚለየው አንድ ሕግ አለ፤ ሠዓሊው የሚስለው ከፎቶግራፍ ወይም ከትዝታው ሳይሆን በቦታው ተገኝቶ በዐይኑ እያየ ነው። በዚህ መካከል ነፋስ ወረቀቱን ያውለበልባል፤ ጥላ ቦታውን ይለውጣል፤ ሊሳል የተጀመረው በሬም ተነሥቶ ይሄዳል። ሠዓሊው በዚያ ሰዓት የነበረውን ብቻ ለመያዝ ይገደዳል። የንድፉ ዋጋም ከዚሁ ይመነጫል።

የጉዞው ሥርዓት ቀላል ነው። ቡድኑ ቦታና ሰዓት ይቀጥራል፤ በቦታው ሲገናኝ እያንዳንዱ ሠዓሊ የሚስለውን እይታ ይመርጣል፤ ከዚያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሁሉም በየሥራው ይጠመዳል። እጅ የሚዘረጋው፣ ዐይንም የሚጨፈነው ለመለካት ነው። ሠዓሊው የእርሳሱን ጫፍ ከዛፉ አናት፣ አውራ ጣቱን ከዛፉ ሥር ጋር ያስተካክላል። ያንኑ ርዝመት ይዞ ወደ ጎን በማዞር ጎጆው ከዛፉ ምን ያህል እንደሚያንስ ያያል። ክንዱን እስካላጠፈ ድረስ ልኩ አይዛባም።

ብርሃን ሌላው ጉዳይ ነው። ማለዳና ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ጥላ ስለሚረዝም የተራራው ሸንተረርና የግንቡ ድንጋይ ጎልቶ ይታያል፤ በቀትር ግን ጥላ ያጥርና ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ጥላ ስለማይቆምም ልምድ ያለው ሠዓሊ አስቀድሞ ወሰኑን በቀጭን መስመር ይከልላል። በመጨረሻ ሁሉም ሥራውን ጎን ለጎን ዘርግቶ ይተያያል። አንዱ ዛፉን፣ ሌላው አጥሩን፣ ሦስተኛው በአጥሩ ሥር የተቀመጡትን አዛውንት አይቶ ይገኛል። አንድ ቦታ በብዙ ዐይን መታየቱ የቡድን ጉዞ ትልቁ ጥቅም ነው።

ከቤት ውጭ መሳል በአውሮፓ በስፋት የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም የሚይዝ የቆርቆሮ ቱቦ መፍጠሩ ነው። የተዘጋጀ ቀለም ሳይደርቅና ሳይፈስ ወደ ሜዳ መውሰድ ከዚያ በኋላ ቀለለ። በፈረንሳይ የፎንቴንብሎ ደን አጠገብ በምትገኘው ባርቢዞን መንደር የተሰባሰቡ ሠዓሊያንም ዕድሜ ጠገብ የሆኑትን የባሉጥ ዛፎች በየቀኑ እየሄዱ ይስሉ ነበር። ዛፎቹ መቆረጥ ሲጀምሩ ጉዳቱን አይተው ዝም አላሉም። ቴዎዶር ሩሶ የተባለው ሠዓሊ ከጓደኞቹ ጋር ለመንግሥት አቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1861 በወጣ ድንጋጌ ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን የደኑ ክፍል እንዲጠበቅ ተወሰነ። ይህ የሆነው በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የአሜሪካው የሎውስቶን ከመከለሉ 11 ዓመታት ቀድሞ ነው።

ንድፍ ለአንድ አገር የሚያቆየውን ሀብት ለመረዳት ግን ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ሲደርስም ሠዓሊው አልተለየውም። ባሉጋኒ በጉዞው ያያቸውን ዕፅዋት ቅጠላቸውን፣ አበባቸውንና ፍሬያቸውን ለይቶ ሳለ። እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር ሕይወቱ አለፈ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም።

ብሩስ የጉዞውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ ሲያሳትም በውስጡ ከወጡት የዕፅዋት ሥዕሎች መካከል ጤፍ፣ ኮሶና ዋንዛ ይገኙበታል። ለብዙ የአውሮፓ አንባቢዎች እነዚህን ዕፅዋት ያስተዋወቃቸው ይህ መጽሐፍ ነው። የሠዓሊው ድርሻ ግን ተገቢውን ቦታ አላገኘም፤ ሥዕሎቹ የብሩስ የራሱ ሥራዎች ተደርገው ቀረቡ። ቆይቶ ተመራማሪዎች የእጅ ሥዕሎቹን ሲመረምሩ ሥራው በአመዛኙ የባሉጋኒ መሆኑን አረጋገጡ። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በመጽሐፉ የሰፈሩት የዕፅዋቱ ስሞችም የአገሬው ስሞች ናቸው፤ ከሠዓሊው እጅ ጀርባ ተክሉን የሚያውቅ የአገሬው ሰው እንደነበረ ይህ ያመለክታል።

ከዚህ ታሪክ ለንድፍ ጉዞ አንድ ትምህርት ይወሰዳል። በንድፉ ጥግ የሠዓሊው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ሊጻፍ ይገባል። የተሳለው ተክል ከሆነ የአካባቢው መጠሪያ፣ የእጅ ሥራ ከሆነም የባለሙያው ስም ከፈቃዱ ጋር ቢታከልበት ንድፉ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጋብርኤል ካምፓናሪዮ የተባለ ጋዜጠኛና ሠዓሊ በአሜሪካ ሲያትል የጀመረው፣ ዛሬም በብዙ አገሮች ቡድኖች ያሉት «ኧርባን ስኬቸርስ» የተባለው የሠዓሊያን ማኅበር የሚመራበት መርሕ ከዚህ አይርቅም። አባላቱ በቦታው ተገኝተው ይስላሉ፤ ላዩት ነገር ታማኝ ይሆናሉ፤ ሥራቸውንም የጊዜና የቦታ መዝገብ አድርገው ይቆጥሩታል።

በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በዙሪያቸው ለእንዲህ ዓይነት ምስክርነት የሚበቃ ነገር ሞልቷል። የፋሲል ግንብ በብዙ ፎቶግራፍ ተይዟል፤ በየመንደሩ ያለው አሮጌ የጭቃና የድንጋይ ቤት፣ የእንጨት በረንዳው፣ የጎተራው አሠራርና የማሳው አጥር ግን ሲፈርስ የሚመዘግበው ጥቂት ነው። የጣና ታንኳ ሌላው ምሳሌ ነው። ፎቶግራፍ ታንኳውን ያሳያል፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰርና ጫፉ እንዴት እንደሚቀና ግን ሠሪው እያስረዳ ሠዓሊው ደረጃ በደረጃ ቢነድፈው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሠዓሊው የሚያየውን ባለሙያው ስለሚያውቀው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ይሟላል።

ይህ እንዲሆን ግን መተማመን ያስፈልጋል፤ ኃላፊነቱም በቅድሚያ የሠዓሊው ነው። ማሳ ዳር ከመቀመጡ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ የመጣበትን ጉዳይ መግለጽና ደብተሩን ከፍቶ ማሳየት ይኖርበታል። በሰብል መካከል ሳይሆን በድንበሩ ላይ መሄድ ይገባዋል። አንዳንድ ቀለማት ጎጂ ብረቶች ስላሉባቸው ብሩሽ የታጠበበትን ውኃ ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ምንጭ መድፋት የለበትም። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በጥበቃ ሥር ባሉ ሥፍራዎች የሚመለከታቸውን ሰዎች ማስፈቀድ፣ ሰውን ሲስልም የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ባለ ማሳው በበኩሉ የእንግዳውን ደብተር አይቶ ስሕተቱን ቢያርመው የሥራው ተካፋይ ይሆናል። የሞፈሩና የቀንበሩ መጋጠሚያ በተሳሳተ መንገድ ቢነደፍ፣ የአውድማው ቅርጽ ቢዛባ ቀድሞ የሚያየው ገበሬው ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ እርሳስ፣ መስመር የሌለው ወረቀት፣ ወረቀቱን የሚያስደግፍ ሰሌዳና ከፀሐይ የሚከልል ባርኔጣ። ክረምት ወረቀቱን ስለሚያረጥበው የውኃ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ዝናቡ አባርቶ አየሩ ጥርት የሚልበት መስከረምና ጥቅምት ለጀማሪ ይመቻሉ። የከተማ ነዋሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሰፈራቸው ካለ አንድ አሮጌ ቤት ሊጀምሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ንድፍ ባያምርም በጥጉ ስም፣ ቦታና ቀን ከተጻፈበት ቤቱ በፈረሰ ጊዜ መልኩን ለሚጠይቅ ትውልድ የሚያሳይ ይኖራል።